ከፌራራ እስከ ካናዳ፦ የአንገት ደም ሥር፣ የአልጋ ራስጌና ኤምኤስ

በ2009 ከጣልያኗ ፌራራ ከተማ አንድ ጥናት ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጥናቱ 65 የመልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ የኤምኤስ፣ ታማሚዎችን ከ235 ሌሎች ሰዎች ጋር ያነጻጽራል። በ65ቱም ታማሚዎች ላይ ከአንጎል ደም የሚመልሱት ሥሮች የመጥበብ ወይም የመዘጋት ምልክት ታየ። ከ235ቱ ግን አንድም ሰው ላይ አልታየም። መቶ በመቶ ለዜሮ ማለት ነው። የሕክምና ምርምር እንዲህ ዓይነት ቁጥር አይሰጥም፤ ሲሰጥም ወይ ትልቅ ግኝት ነው፣ ወይ አለካኩ ላይ ችግር አለ።

የጥናቱ መሪ የፌራራ ዩኒቨርሲቲው ፓኦሎ ዛምቦኒ ናቸው። የነርቭ ሐኪም አይደሉም፤ ሙያቸው የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ነው። ወደዚህ በሽታ ያመጣቸው የቤታቸው ጉዳይ ነበር። ባለቤታቸው ኤምኤስ እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ የቆዩ ጽሑፎችን ማገላበጥ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ዛሬም ብዙ ሰው ለሚጠይቀው አንድ ጥያቄ መልስ ስላለው ነው። የአልጋን ራስጌ ከፍ አድርጎ መተኛት የኤምኤስን ሕመም ያቀላል ወይ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ግን ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ መሬት ስበትና ስለዚህ በሽታ የተነሡ ሐሳቦች እስከ ጥግ ድረስ የተፈተኑት በዛምቦኒ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወደ አልጋው የምደርሰው በፌራራ በኩል አልፌ ነው።

በመጀመሪያ ግን ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ኤምኤስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ነው። በአንጎል፣ በህብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ውስጥ ያሉት የነርቭ ክሮች ማይሊን የሚባል ሽፋን አላቸው። ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል። አንዱን ዓይኑ ይፈዝበታል። ሌላውን እግሩ ይከብደዋል፣ ይደነዝዘዋል። ሽንት መቆጣጠር ያስቸግራል። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተውም ጠዋት አይለቅም። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ የሚያዙት ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ ቢያንስ እጥፍ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ መጀመሪያ ላይ ይመላለሳል። ያገረሻል፣ ይሻላል፣ ደግሞ ያገረሻል። ይህን መመላለስ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምን ደም ሥር?

የዛምቦኒ ሐሳብ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ገና በ1863 ጀርመናዊው ሐኪም ሪንድፍላይሽ በሟች ታማሚዎች አንጎል ውስጥ አንድ ነገር አስተውለዋል። በየቁስሉ መሐል ትንሽ የደም ሥር አለች። ይህ እውነት ነው። ዛሬ በኤምአርአይ ምስል ላይ ቁስል መሐል የምትታየው ደም መላሽ ሥር ኤምኤስን ከሌሎች በሽታዎች ለመለየት ታገለግላለች። በ1930ዎቹም ትሬሲ ፑትናም የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በውሾች ላይ የአንጎልን ደም መላሽ ሥሮች ዘግተው ተመሳሳይ ቁስል ለማምጣት ሞክረዋል።

ዛምቦኒ በእግር ደም መላሽ ሥሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። እግር ላይ ደም ሲታቆር ከሥሩ እየሾለከ ይወጣል። ቆዳው ውስጥ ብረት ይከማቻል። ቆዳው ይቆጣል፣ በመጨረሻም ይቆስላል። አንጎል ላይስ እንዲሁ ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። ደሙ በአንገት በኩል በደንብ ካልወረደ ይታቆራል፤ ብረት ይተዋል፤ ብረቱ የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራል። ከሆነ መፍትሔውም ቅርብ ነው። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ማስገባት፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ የጠበበው ቦታ ላይ መንፋት፣ ሥሩን ማስፋት። የቧንቧ ሥራ ነው፤ የተደፈነውን ትከፍታለህ፣ ይፈሳል። ለሰሚ ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር የለም። ለዓመታት «መንስኤው በውል አይታወቅም» ሲባል ለኖረ ታማሚ ምን ያህል ብርሃን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

በዚያው በ2009 መጨረሻ ሁለተኛው ጽሑፋቸው ወጣ። 65 ታማሚዎች በፊኛ ታክመው ክትትል ተደርጎላቸዋል። በሚያገረሸው ዓይነት ከተያዙት መካከል ሕመሙ ሳያገረሽባቸው የቆዩት ከ27 በመቶ ወደ 50 በመቶ አደጉ። ከተከፈቱት የአንገት ሥሮች ግን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ተመልሰው ጠበቡ። ዋናው ጉድለት ደግሞ ሌላ ነው፤ የንጽጽር ቡድን አልነበረም። ሁሉም ታክመዋል፣ ሁሉም መታከማቸውን ያውቃሉ፣ ሐኪሞቹም ያውቃሉ።

ሲጋደሙና ሲቆሙ

አሁን ወደ አልጋው የሚያገናኘን ነጥብ ላይ ደረስን። ሰው ሲጋደም ከአንጎል የሚመለሰው ደም በአብዛኛው የሚያልፈው በአንገት ግራና ቀኝ በሚወርዱት ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች ነው። ሲቀመጥ ወይም ሲቆም እነዚህ ሥሮች ይሟሽሻሉ። ደሙ መንገድ ቀይሮ በአከርካሪ ዙሪያ ባለው የሥሮች መረብ ይወርዳል። ይህ በጤነኛ ሰው ላይ የሚሆን ነው፤ ሁላችንም ላይ በየቀኑ ይሆናል። ዛምቦኒም ከአምስቱ መለኪያዎቻቸው አንዱን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ታካሚው ተጋድሞም ተቀምጦም ይለካል፤ ልዩነቱ ከተለመደው ከተገለበጠ እንደ ችግር ይመዘገባል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንድሩ ፍሌቸር የተባሉ ሰው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያጋደለ አልጋ ላይ መተኛትን ሲመክሩ ኖረዋል። መነሻቸው ውኃ በዛፍ ግንድ ውስጥ እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጣ ማሰላሰላቸው ነበር። የመሬት ስበት በሰው አካልም የፈሳሽን ዝውውር ያግዛል ይላሉ። የሚመክሩት ትራስ መደራረብን አይደለም። አልጋው ራሱ ከራስጌ እስከ ግርጌ እንዲያዘነብል ነው። ከራስጌው እግሮች ሥር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንጨት ይገባል፤ አልጋው 5 ዲግሪ ገደማ ያጋድላል። የሞከሩ የኤምኤስ ታማሚዎች ድካሙ ቀነሰልኝ፣ የእግሬ መገተር ላላ፣ ሌሊት ለሽንት መነሣቴ ቀነሰ ይላሉ። እነዚህን ሰዎች ውሸታም የሚያሰኝ ነገር የለም። ጥያቄው የተሻላቸው በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው።

ካናዳ

ኅዳር 2009 የካናዳ ቴሌቪዥን የዛምቦኒን ታሪክ አቀረበ። ካናዳ በዓለም ላይ ኤምኤስ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። በአገሩ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው ወይም እኅቱ ያልታመመችበት ሰው ጥቂት ነው። ዜናው እንደ ሰደድ እሳት ነው የተዛመተው። «ነጻ የማውጣት ሕክምና» የሚለው መጠሪያም አብሮ ተሰራጨ።

የካናዳ ሐኪሞች ማስረጃ እስኪመጣ እንጠብቅ አሉ። ታማሚዎቹ ተቆጡ፤ ለምን እንደተቆጡ ይገባኛል። በጊዜው የነበሩት መድኃኒቶች የሚረዱት ሕመሙ ለሚያገረሽባቸው እንጂ ያለ ፋታ እየባሰ ለሚሄድባቸው አልነበረም። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ አንድ ነገር ያጣሉ። ዘንድሮ ደረጃ መውጣት፣ ለከርሞ ማንኪያ መያዝ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው «አምስት ዓመት ጠብቅ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። የደም ሥር ማስፋት ደግሞ ለሌላ በሽታ በየሆስፒታሉ የሚሠራ ነገር ነው። ታዲያ ለእኛ ሲሆን ለምን ይከለከላል አሉ።

ስለዚህ ሄዱ። ወደ ፖላንድ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ኮስታ ሪካ። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከኪስ ወጣ። ጎረቤት አዋጣ፣ ቤት የሸጠም አለ። ብዙዎቹ ሲመለሱ እጄ ሞቀ፣ ጭንቅላቴ ጠራልኝ፣ ድካሙ ለቀቀኝ አሉ። ቪዲዮ ቀርጸው አሳዩ። ያንን ያየ ሌላው ታማሚ ቲኬት ቆረጠ።

ጉዳቱም መጣ። አንዳንድ ቦታ ፊኛ ብቻ ሳይሆን ስቴንት፣ ማለትም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ይገባ ነበር። በወቅቱ ይገቡ የነበሩት ስቴንቶች በአብዛኛው ለደም ቅዳ ሥር የተሠሩ ነበሩ። ደም መላሽ ሥር ግን ወደ ልብ እየቀረበ ሲሄድ ይሰፋል። በአሜሪካ አንድ ታማሚ ውስጥ የገባው ስቴንት ተንሸራቶ ልብ ውስጥ ገባ፤ ደረት ተከፍቶ ነው የወጣው። በ2010 ኮስታ ሪካ ሄዶ የታከመ አንድ ካናዳዊ የገባለት ስቴንት ውስጥ ደም ረግቶበት ሕይወቱ አለፈ። በግንቦት 2012 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሞት፣ ስትሮክ፣ የስቴንት ከቦታው መንቀሳቀስ፣ የደም ሥር መጎዳትና የደም መርጋት ተዘርዝረውበታል።

መቶው ወዴት ሄደ?

ሌሎች ተመራማሪዎች የፌራራውን ቁጥር ለመድገም ሞከሩ። የዚህ ጉዳይ እጅግ አስተማሪው ክፍል ለእኔ ይህ ነው። በ2011 በአሜሪካ ቡፋሎ 499 ሰዎች ተመረመሩ። የሥር መጥበቡ ከኤምኤስ ታማሚዎች በ56 በመቶው፣ ሌላ የነርቭ ሕመም ካለባቸው በ42 በመቶው፣ ከጤነኞቹ በ23 በመቶው ላይ ተገኘ። መቶ ለዜሮ የሚለው ልዩነት አልተደገመም ማለት ነው። ከዚያ በ2013 የጣልያን ተመራማሪዎች ከ1,700 በላይ ሰዎችን መረመሩ። ምስሎቹን የመጨረሻ ያነበቡት ሰዎች ታማሚው የትኛው፣ ጤነኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ውጤቱ ከታማሚዎቹ 3.26 በመቶ፣ ከጤነኞቹ 2.13 በመቶ ሆነ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ያው በሽታ፣ ያው አንገት፣ ግን 100፣ 56፣ 3። እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ አለካኩ ላይ ነው። ሥሮቹ የታዩት በአልትራሳውንድ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ ምስል በሚያነሣ መሣሪያ፣ ነበር። የአንገት ደም መላሽ ሥር ግድግዳው ስስ ነው። የአልትራሳውንዱን ጫፍ ጠንከር አድርገው ከተጫኑት ይጠባል። ታካሚው አንገቱን ካዞረ፣ ትንፋሹን ከያዘ ወይም በቂ ውኃ ካልጠጣ ምስሉ ይለወጣል። አልጋው ትንሽ ካጋደለም ይለወጣል። መርማሪው ፊቱ ያለው ሰው ታማሚ መሆኑን ካወቀ ደግሞ ሳያስበው የሚፈልገውን ያገኛል። ይህን ለማለት ማንንም ማጭበርበር ብሎ መክሰስ አያስፈልግም። የሰው ዓይን እንዲህ ነው።

በዚያው በ2013 ካናዳውያን ከአልትራሳውንድ ወደ ተሻለው መንገድ ሄዱ። ቱቦ አስገብተው፣ ቀለም ረጭተው፣ ሥሩን በራጅ አዩ። ከግማሽ በላይ የጠበበ ሥር ያላቸው ከታማሚዎቹ 74 በመቶ፣ ከወንድምና እኅቶቻቸው 66 በመቶ፣ ዝምድና ከሌላቸው ጤነኞች 70 በመቶ ነበሩ። የጠበበ ደም መላሽ ሥር መኖሩ እውነት ነበር። ግን የብዙዎቻችንም እንደዚያው ነው። እኔን በግሌ ያሳመነኝ ግን ሌላ ማስረጃ ነው። በአንገት ካንሰር ምክንያት ሁለቱም የአንገት ደም መላሽ ሥሮቻቸው በቀዶ የወጡ ሰዎች አሉ። በዚህ ምክንያት ኤምኤስ እንደሚይዛቸው የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ማስመሰል ያለበት ሙከራ

ይህ ሁሉ መንስኤውን የሚመለከት ነው። «መንስኤው ምንም ይሁን፣ ተሽሎኛል እኮ» ላለው ሰው ግን ገና መልስ አይሆንም። ለእሱ የሚመልሰው አንድ ዓይነት ሙከራ ብቻ ነው። ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ሁሉም ማስታገሻ ይወስዳሉ፣ ሁሉም ቱቦ ይገባላቸዋል። ፊኛዋ የምትነፋው ግን ለአንዱ ቡድን ብቻ ነው። ታካሚው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። በኋላ የሚመረምረው ሐኪምም አያውቅም።

ካናዳ ይህን በቫንኩቨር፣ በዊኒፔግ፣ በኬቤክ ሲቲና በሞንትሪያል በ104 ሰዎች ላይ አደረገች። ውጤቱ መጋቢት 2017 ተነገረ። በ48 ሳምንት የአካላዊ ኑሮ ጥራት መለኪያቸው በታከሙት በ1.4 ነጥብ፣ የማስመሰል ሕክምና ባገኙት በ1.3 ነጥብ ጨመረ። ምንም ያልተደረገላቸውም ተሽሏቸዋል፤ እኩል ነው የተሻላቸው።

በሽታው ይመላለሳል ያልኩት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ሰው ለሕክምና የሚሄደው ሲብስበት ነው። ከባሰ ጊዜ በኋላ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ጊዜ ነው፤ ቢታከምም ባይታከምም። በዚያ ላይ ተስፋ አለ፣ የቤተሰብ እንክብካቤ አለ፣ የሰው ጸሎት አለ። እነዚህ ሁሉ በሰው አካል ላይ ሥራ ይሠራሉ። የተሰማቸው መሻል እውነተኛ መሻል ነው። ያመጣው ግን ፊኛው አልነበረም።

የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ዛምቦኒ ራሳቸው ናቸው። በኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ገንዘብ በጣልያን የራሳቸውን ሙከራ መሩ። 115 ታማሚዎች ተሳተፉ፤ 76ቱ በፊኛ ታከሙ፣ 39ኙ የማስመሰል ሕክምና አገኙ። የአካል ብቃት መሻሻል የታየባቸው ከታከሙት 41.7 በመቶ፣ ካልታከሙት 48.7 በመቶ ሆኑ። በ2017 መጨረሻ ባሳተሙት ጽሑፍ ሕክምናው ለኤምኤስ ታማሚዎች ሊመከር እንደማይችል ጻፉ። በ2009 ያለ ንጽጽር ቡድን የወጣው ውጤት ያን ያህል መራገብ አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ስምን ያገነነ ሐሳብን፣ ያውም የባለቤትን ሕመም የሚመለከት ሐሳብን፣ በራስ እጅ ለእንዲህ ዓይነት ፈተና አቅርቦ ውጤቱን ሳይሸፋፍኑ ማሳተም ትልቅ ሰውነት ይጠይቃል። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

በዚያው መጋቢት 2017 ሌላ ነገርም ሆነ። ኦክሬሊዙማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከመጀመሪያው ያለ ፋታ እየባሰ ለሚሄደው የኤምኤስ ዓይነት የመጀመሪያው የተፈቀደ መድኃኒት ነው። የሚሠራው በመከላከያ ሕዋሳት ላይ ነው። በ2022 ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የደም ናሙና መዝገብ ያየ ጥናት ኤፕስታይን ባር በተባለ ቫይረስ ከተያዙ በኋላ በኤምኤስ የመያዝ ዕድል 32 እጥፍ እንደሚያድግ አሳየ። ምርምሩ ፊቱን ወደዚያ አዙሯል።

ታዲያ አልጋውስ?

ያጋደለ አልጋ ከፊኛው የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ። ርካሽ ነው፤ ማንንም ወደ ውጭ አገር አያስኬድም። ራስጌን ከፍ ማድረግ በሕክምና የታወቀ ጥቅምም አለው። የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ጉሮሮ ለሚመለስባቸው ይረዳል። ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥን በመጠኑ ያቀላል። ሲነሡ የደም ግፊታቸው ወርዶ ለሚያዞራቸውም ሐኪሞች ያዝዙታል። እንዲህ ያለ ሰው ዝርግ ሲተኛ ኩላሊቱ ብዙ ውኃና ጨው ያስወጣል፤ አልጋው ሲያጋድል ግን ይህ ይቀንሳል፣ ሌሊት ለሽንት መነሣትም አብሮ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ነው የፍሌቸር ምክር ለአንዳንድ የኤምኤስ ታማሚ በእርግጥ ሊጠቅም የሚችለው። የኤምኤስ ታማሚ እንቅልፍ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው። ሽንት ይቀሰቅሰዋል፣ የእግር መገተር ይቀሰቅሰዋል። እንቅልፉ ትንሽ ከተሻሻለ የቀኑ ድካም ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ግን የነርቭ ሽፋን ስለዳነ ወይም ደም ከአንጎል በተሻለ ስለወረደ ላይሆን ይችላል። አልጋውን ከፍ አድርጎ የተሻለ የሚተኛ ሰው ይተኛ፤ የማልስማማው በአልጋው ተማምኖ መድኃኒት ከሚያቆም ጋር ነው። ኤምኤስ ምልክት ሳያሳይም ውስጥ ውስጡን አንጎል ላይ ቁስል ይጨምራል። ያንን የሚያየው ኤምአርአይ እንጂ የጠዋት ስሜት አይደለም።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ሰውም አለ። ሰውነቱን በራሱ ማገላበጥ የማይችል ታማሚ ሌሊት ወደ ግርጌ ይንሸራተታል። ቆዳው ከአንሶላው ጋር ይፋተጋል፤ ከዚያ የሚመጣው የመቀመጫ ቁስል ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቁርጭምጭሚቱ የሚያብጥም ይኖራል። ከራስጌው ሥር የሚገባው እንጨት ሰፊና የማይንሸራተት ካልሆነ አልጋው ሊወድቅ ይችላል። ሚዛኑን ለሚስት ሰው ከፍ ካለ አልጋ መነሣትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ያጋደለ አልጋ ለኤምኤስ እስካሁን በትልቅና በዕጣ በተከፋፈለ ሙከራ አልተፈተነም። ቢፈተን ደስ ይለኛል፤ ፌራራ ካስከፈለችው ጋር ሲወዳደር ወጪው ኢምንት ነው። ለግማሾቹ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለግማሾቹ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይደረግ። ለሁሉም ሁለት ዓይነት ከፍታ እየተነጻጸረ እንደሆነ ይነገር፤ የትኛው ይሠራል ተብሎ እንደሚታሰብ ግን አይነገር። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ድካማቸው በመጠይቅ፣ አካሄዳቸው በሰዓት ይለካ። ለኪው የተሳታፊዎቹን መኝታ ቤት አይቶ የማያውቅ ሰው ይሁን። ስድስት ወር ይበቃል፤ ኤምአርአይው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይነሣ፣ መድኃኒታቸውንም ማንም እንዳያቋርጥ።